ያውቁ ኖሯል? የሞተር ሳይክል ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ቀለም ሲቀባ

ያውቁ ኖሯል? የሞተር ሳይክል ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፊቱንና ጎኑን የሚያለብሰው ልሙጥ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ኤቢኤስ ከተባለ ፕላስቲክ ነው (ከፍሬኑ ኤቢኤስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም)። የአባጣ ጎርባጣ መንገድ ሞተሮች ፓራፋንጎ፣ ያ ቢያጥፉት ተመልሶ የሚዘረጋው፣ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ቀለም ከኤቢኤስ ጋር ይስማማል። ከፖሊፕሮፒሊን ጋር ግን ያለ አስታራቂ አይገናኝም፤ በቀጥታ ከተቀባ በጥፍር ይላጣል።

ያውቁ ኖሯል? የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ባለሙያ አያስፈልግም። ክፍሉን ፈትተው ይገልብጡት፤ ከጀርባው የፕላስቲኩ ስም በላቲን ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። ጽሑፉ ከጠፋ ከማይታይ ጥግ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠው ውሃ ውስጥ ይጣሉ። ኤቢኤስ ይሰምጣል፣ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል። እፍግታው 0.9 ገደማ ስለሆነ ከውሃ ይቀላል።

ኤቢኤስ ልጆች ከሚገጣጥሙት የሌጎ ጡብ ጋር አንድ ነው። ሌጎ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጡቦቹን የሚሠራው ከዚሁ ፕላስቲክ ነው። ጠንካራ ቢሆንም ፀሐይ አይወድም፤ ሳይቀባ ለዓመታት ውጭ ከዋለ ይበልዛል፣ ከዚያም ይሰባበራል። ስለዚህ ቀለሙ ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? ለፖሊፕሮፒሊን የሚሆነው አስታራቂ በቆርቆሮ ይሸጣል። ከፕራይመር (ከመነሻው ቀለም) በፊት በስሱ የሚረጭ፣ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ነው፤ ከደረቀ በኋላም ብዙ ሳይቆዩ ቀጣዩን ቀለም ማስከተል ግድ ነው። ፋብሪካዎች ደግሞ ገጹን በእሳት ነበልባል ቶሎ ዳሰስ አድርገው ያልፉታል። ይህን ቤት ውስጥ መሞከር ፓራፋንጎን ማቅለጥ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በየጉዞው የሚታጠፍና ጠጠር የሚመታው ፓራፋንጎ ባይቀባ ይሻላል። ጥቁር ሆኖ ከነጣ በሞቃት አየር መንፊያ ከራቅ ብለው ቢያሞቁት ጥቁረቱ ለጊዜውም ቢሆን ይመለሳል።

ያውቁ ኖሯል? የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው አሴቶን ኤቢኤስን ያሟሟል። ይህ ጉዳትም ጥቅምም አለው። ቅባት ለማስለቀቅ ብለው በአሴቶን ቢወለውሉት ልሙጡ ገጽ ይለሰልስና ይበላሻል፤ ለዚያ ሥራ አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃል። የኤቢኤስ ፍርፋሪ አሴቶን ውስጥ ነክረው ሲያስቀምጡ ግን ሊጥ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ የተሰነጠቀውን ክፍል ከጀርባው በኩል ይህን ሞልተው ሲደርቅ፣ የሞሉት ከራሱ ከፕላስቲኩ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ስቱኮ ከላይ ይለጠፋል እንጂ እንዲህ አይዋሐድም።

ያውቁ ኖሯል? ብዙ ሰው መጀመሪያ ይፈገፍግና ኋላ ያጥባል። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ጎማና ፕላስቲክ የሚያብረቀርቁ ቅባቶች ውስጥ ያለው ሲሊኮን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ወደ ጭረቶቹ ይገባል፤ ቀለሙ ሲረጭ ከነዚያ ነጥቦች ይሸሽና ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ፣ ቀጥሎ በአልኮል፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። መጽዳቱን ለማረጋገጥ ውሃ ያፍስሱበት። ውሃው እንደ ስስ መጋረጃ ተዘርግቶ ከወረደ ጸድቷል፤ ነጠብጣብ እየሠራ ከተሰበሰበ ቅባት አለ።

የፋብሪካውን ቀለም እስከ ፕላስቲኩ ድረስ መግፈፍም አያስፈልግም። ካልተላጠና ካልተሰነጠቀ ከእሱ የተሻለ መሠረት አይገኝም፤ 600 ወይም 800 ቁጥር ወረቀት በውሃ እያራሱ አንጸባራቂነቱን ማጥፋት ብቻ ነው። ብረት ላይ የለመዱትን ቀለም መግፈፊያ ኬሚካል ግን አያስጠጉት፤ ፕላስቲኩንም ከቀለሙ ጋር ይዞት ይሄዳል።

ያውቁ ኖሯል? በውሃ እየተነከረ የሚፈገፈግበት ብርጭቆ ወረቀት በ1921 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። የፈለሰፈው ፍራንሲስ ኦኪ የፊላደልፊያ የኅትመት ቀለም አምራች ነበር፤ አምርቶ የሸጠው 3ኤም የተባለው ኩባንያ ነው። ጥቅሙ ገጹን ማለስለሱ ብቻ አልነበረም፤ ጋራዡን ከሚሞላው አቧራ የሠራተኛውን ሳንባም አድኗል። ቀለም እንዳይነካው የሚፈለገውን ቦታ የሚሸፍነው የወረቀት ፕላስተርም የዚያው ኩባንያ ልጅ ነው። ሪቻርድ ድሩ የተባለ ወጣት ሠራተኛ የብርጭቆ ወረቀት ናሙና ይዞ ጋራዥ ሲገባ፣ ቀለም ቀቢዎች ባለ ሁለት ቀለም መኪና ላይ የለጠፉት ፕላስተር አዲሱን ቀለም ይዞ እየተነሳ ሲያበሳጫቸው አየ። በ1925 እ.ኤ.አ. መፍትሔውን ይዞ መጣ።

ያውቁ ኖሯል? ቀለምን ከቆርቆሮ የመርጨት ሐሳብ የሚስት ምክር ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ግዛት፣ ሲካሞር በተባለች ከተማ፣ ኤድዋርድ ሲሞር የሠራውን የአሉሚኒየም ቀለም በምን እንደሚያሳይ ሲያስብ፣ እንደ ሽቶ በሚረጭ ቆርቆሮ ውስጥ እንዲያደርገው የመከረችው ባለቤቱ ቦኒ ናት።

ቆርቆሮው ሲነቀነቅ ቀጭ ቀጭ የምትለው ኳስ ከሥር የዘቀጠውን ቀለም የምታማስል ናት። ድምፅዋ ከተሰማ በኋላ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ሁላችንም የምንሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ ሲረጩ ቆርቆሮው እጅ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይደክማል፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ያነቃዋል። የፈላ ውሃ ግን አይታሰብም፤ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ያውቁ ኖሯል? ድሮ አንድ መኪና ቀለሙ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ዱፖንት የሠራው ዱኮ የተባለ ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም በ1923 እ.ኤ.አ. በጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ መኪናዎች ላይ ሲውል ሳምንታቱ ወደ ሰዓታት ወረዱ። ዛሬ ደግሞ ሰዓታቱም ይረዝሙብናል። ቢሆንም መቸኮል አይበጅም፦ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀው፣ መርጨቱን ከክፍሉ ጫፍ ውጭ ጀምረው፣ ከሌላው ጫፍ ውጭ መጨረስ፤ ስስ ሽፋን ረጭተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ። ወፍራም ሽፋን ከላይ ይደርቅና ቲነሩን ከሥር አፍኖ ያስቀራል፤ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ጣት ሲነካው አሻራ ይይዛል።

ያውቁ ኖሯል? በክረምት የተረጨ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ግልጽ ሽፋን) ወተት መስሎ የሚነጣበት ምክንያት አለው። ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ቅዝቃዜው ጤዛ ይጠራል፣ ጤዛውም በቀለሙ ውስጥ ይቀራል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ እስኪወጣ መጠበቅ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር አለ፦ ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቲነር ፈጥኖ ይተናል። በኮምፕሬሰር የሚረጭ ሰው ዘግይቶ የሚደርቀውን ቲነር ቢመርጥ ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ሳያርፍ በመንገድ ላይ ደርቆ ዱቄት አይሆንበትም።

ያውቁ ኖሯል? ሜታሊክ ቀለም የሚያብለጨልጨው በውስጡ ባሉት የአሉሚኒየም ስስ ቅንጣቶች ነው። አንዱን ክፍል አጋድመው፣ ሌላውን ሰቅለው ከረጩ ቅንጣቶቹ የሚተኙበት አቅጣጫ ይለያይና፣ ከአንድ ቆርቆሮ የወጣ ቀለም ሁለት መስሎ ይታያል። ክፍሎቹን ሞተሩ ላይ በሚቆሙበት አኳኋን ሰቅሎ፣ በአንድ ቀን መርጨት ይሻላል። መለያየቱ ያማረላቸውም አሉ። ቢኤምደብሊው በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጣው አር 90 ኤስ፣ የሐንስ ሙት ንድፍ፣ ጢስ የመሰለ ቀለሙ በእጅ ይረጭ ስለነበር ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ሞተር አይገኝም።

ስለ ታዋቂ የሞተር ቀለሞች ከተነሳ፣ የካዋሳኪ ሎሚ አረንጓዴ በ1969 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና የታየ ነው። ያኔ አረንጓዴ በውድድር ዓለም የክፉ ዕድል ቀለም ይባል ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ከሁሉ የሚያሰጋው ቀለሙ ሳይሆን የመጨረሻው ክሊር ነው። ተራው ክሊር በትነት ብቻ ስለሚደርቅ ቤንዚን ሲፈስበት ይለሰልሳል፤ ለነዳጅ ታንክና በዙሪያው ላሉ ፕላስቲኮች አይሆንም። ማጠንከሪያ ያለው ክሊር ቤንዚንም ፀሐይም ይችላል፤ ቆርቆሮው ከታች ቁልፍ አለው፣ ሲጫኑት ማጠንከሪያው ይደባለቃል፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት ውስጡ ይጠነክራል። ችግሩ ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት መሆኑ ነው። የአስም በሽታ ያስይዛል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። የሚያስጠነቅቅ ሽታም የለውም፤ አፍንጫ ሳያውቅ ሳንባ ይጎዳል። የሕክምና ማስክ ምንም አያግድም፤ ሙያተኞች ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ያደርጋሉ፣ ዓይንና ቆዳቸውንም ይሸፍናሉ። ይህ በሌለበት፣ ይልቁንም ልጆች በሚኖሩበት ግቢ፣ እስከ ቀለሙ ድረስ ራስዎ ሠርተው ክሊሩን ዕቃው ላለው ጋራዥ ቢሰጡ ይሻላል። እዚህ ላይ የሚወጣ ገንዘብ አያስቆጭም።

ያውቁ ኖሯል? እንግሊዝ አገር የሞተሩን ቀለም የቀየረ ሰው ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት፤ ቀለሙ የባለቤትነት መዝገቡ ላይ ተጽፏል።

ያውቁ ኖሯል? ይህን ሁሉ ሥራ በደቂቃዎች የሚያበላሽ ፈሳሽ ሞተሩ ላይ ራሱ ተሰቅሏል፦ የፍሬን ዘይት። ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት ቀለም ይበላሉ፤ ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ግን አይነካም። ዶት 3 ወይም ዶት 4 ከፈሰሰ በጨርቅ ማሸት ያዳርሰዋል። በውሃ ስለሚሟሟ ወዲያው በብዙ ውሃ ያጥቡት።