በክረምት ወደ ጋምቤላ ስለሚደረገው በረራና ስለ አደጋው

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1989) ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ አገር ሲበር የነበረ አንድ አይሮፕላን 16 ሰዎች እንደ ጫነ ጠፋ። ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ በተራራ ላይ ተከስክሶ ተገኘ፤ ከተሳፋሪዎቹም የተረፈ ሰው አልነበረም። ጋምቤላ ግን የታወቀ ቈላና ሜዳ ነው። እንግዲህ ወደ ሜዳ የሚሄድ አይሮፕላን ስለ ምን በተራራ ላይ ይወድቃል? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የአገሩን አቀማመጥ መመልከት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ የወለጋና የኢሉባቦር ደጋ ይቀጥላል፤ ጎሬ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ደምቢዶሎም ከ1,700 ሜትር በላይ ናቸው። ደጋው በቡሬ በኩል ካለፈ በኋላ በአጭር ርቀት ውስጥ እንደ ግድግዳ ቍልቍል ይወርድና የባሮ ሜዳ ይጀመራል። የጋምቤላ ከተማ ከፍታ 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ 460 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር ሰው አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በደጋ ላይ ነው፤ ሜዳውን የሚያገኘው በጕዞው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

የዚህ አገር ክረምት ለውኃ መንገድና ለአየር መንገድ የሚሰጠው ዕድል የተለያየ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ለመምጣት የሚችሉት ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ነበር፤ በበጋ ወንዙ ስለሚጎድል መንገዱ ይዘጋል። ለአይሮፕላን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ውኃው ሲከፈት ሰማዩ ይዘጋል። የመርከቡ ንግድ ከቀረ ወዲህ፣ ጭቃው የመኪናውን መንገድ በሚያቋርጥበት ወቅት፣ ለሩቅ ሰፈሮች የቀረው ተስፋ አይሮፕላን ሆነ፤ ይኸውም ለመብረር በሚያስቸግርበት ወራት መሆኑ ነው።

በ1981 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው በፉኝዶ፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ብዙ ስደተኞች ሰፍረው ነበር። ከእነዚህም ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ ያለ አባትና ያለ እናት በእግራቸው የመጡ ልጆች ነበሩ። በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የረሃብን ጉዳይ የሚመረምረው ልዩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ የቴክሳሱ ተወካይ ሚኪ ሌላንድ፣ ይህን ሰፈር ለመጐብኘት ከአሜሪካውያንና ከኢትዮጵያውያን ባልንጀሮቻቸው ጋራ ተሳፈሩ። አይሮፕላኑ በካናዳ የተሠራ፣ ትዊን ኦተር የሚባል፣ ሁለት ሞተር ያለው፣ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አይሮፕላን ነበር። ይህ ዐይነት አይሮፕላን በአጭርና ባልተነጠፈ ሜዳ ለመነሣትና ለማረፍ ስለሚችል ለእንደዚህ ያለ ሥራ እጅግ የተመረጠ ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ የአየር ግፊት ማስተካከያ የለውም፤ ስለዚህም እንደ ትላልቆቹ አይሮፕላኖች ከደመናው ሁሉ በላይ ወጥቶ ለመሄድ አይመችም። በብዛት የሚሄደው ደመናው በሚኖርበት ከፍታ ነው።

አሁን ወደ ደመናው እንምጣ። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ በሜዳው ላይ ተጕዞ ከደጋው ግድግዳ ጋራ ሲጋጠም ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል። አየር ከፍ ባለ ቍጥር ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ወደ ደመና ይለወጥና ዝናብ ይሆናል። ጎሬና አካባቢዋ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች የተቈጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ለአብራሪ የሚያስጨንቀው ግን የዝናቡ ብዛት ብቻ አይደለም። ደመናው የሚቀመጠው በደጋው ጫፍ፣ ማለት መሬቱ ቍልቍል በሚወርድበት በዚያው ቦታ ላይ ነው። በጋምቤላ ከተማ የቆመ ሰው ብሩህ ሰማይ ሲያይ፣ ከእርሱ 50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ተራራው በጉም ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል።

መሬቱ በማይታይበት ጊዜ፣ የሳተላይት መሣሪያ ሳይመጣ በፊት፣ አብራሪው ቦታውን የሚያውቀው በዋነኛነት በሰዓትና በኮምፓስ ነበር። ይህን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ አይሮፕላን በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ 420 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ አብራሪው ሰዓቱን አይቶ «ደጋውን አልፌአለሁ፤ አሁን ዝቅ ልበል» ቢል ያስኬዳል። ነገር ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ከፊት ለፊት ሲገፋው ቈይቶ እንደ ሆነ፣ በእርግጥ የሄደው 360 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ 60 ኪሎ ሜትር ነው። በሌላ አገር ይህ ልዩነት አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል መዘግየት ብቻ ያመጣል። በዚህ መንገድ ላይ ግን 60 ኪሎ ሜትር ማለት ከሜዳው በላይ በመሆንና ከተራራው በላይ በመሆን መካከል ያለው ርቀት ነው። ሞተሩ ደኅና እየሠራ፣ አብራሪውም መሪውን በሚገባ እንደ ያዘ፣ አይሮፕላኑ ከመሬት ጋራ ይጋጫል። በአየር በረራ ጥናት ይህ ዐይነት አደጋ ለብቻው ተለይቶ የሚቈጠር ነው። ሐምሌ 8 ቀን 1952 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ 3 አይሮፕላን በጅማ አቅራቢያ በተራራ ላይ ወድቆ አብራሪው መሞቱ ይታወሳል፤ ያም በክረምት፣ ያም በደጋ ነበር።

ይህ የስሌት ነገር በደጋ አገር ብቻ የሚሠራ እንዳይመስለን አንድ የበረሃ ታሪክ እናንሣ። መጋቢት 26 ቀን 1935 ዓ.ም. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ «ሌዲ ቢ ጉድ» የተባለች የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ዘጠኝ ሰዎች ይዛ ከሊቢያ ወደ ናፖሊ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ሌሊት ስለ ነበረና ደመናም ስለ ነበረ፣ ሰዎቹ የባሕሩን ዳርቻ ማለፋቸውን ሳያውቁ ወደ ሰሐራ በረሃ ዘልቀው ገቡ። ነዳጃቸው ሲያልቅ በጃንጥላ ወረዱ። አይሮፕላኗ የተገኘችው ግን ከ15 ዓመት በላይ ቈይቶ በነዳጅ ፈላጊዎች ነው፤ በደረቁ አየር ምክንያት ሬዲዮዋና መትረየሷ ገና የሚሠሩ ነበሩ። ከሰዎቹም አብዛኞቹ በጥቂት ውኃ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ተጕዘው መሞታቸው በ1952 ዓ.ም. አስከሬናቸው ሲገኝ ታወቀ። በበረሃ ያሉት ከመድረሻቸው አልፈው ጠፉ፤ በደጋ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሳይደርስ ደረስሁ ብሎ ይጠፋል። ሁለቱም የሚጎዱት መሬቱን ሳያዩ በሰዓት ብቻ በመታመናቸው ነው።

ስለ ፍለጋውም ማነጻጸር ይቻላል። በረሃ የወደቀውን ነገር ገልጦ ያስቀምጣል፤ ችግሩ ስፋቱ ነው። የምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ግን አንድ ትንሽ አይሮፕላን በቅጠሉ ሥር ሸሽጎ ሊያስቀር ይችላል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ጉም ይጨመርበታል። በ1981 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ አምባሳደር የማይለዋወጡበት ጊዜ ነበር፤ የአሜሪካ ወታደራዊ መልእክተኞችም በ1969 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጡ ተደርገው ነበር። ይሁን እንጂ ለዚህ ፍለጋ የአሜሪካ ጦር አይሮፕላኖች እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ይህ ሁሉ ኀይል ተሰብስቦም ስድስት ቀን ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በመጀመሪያ፣ አብራሪው ዛሬ ቦታውን ከሳተላይት ስለሚያገኝ ነፋስ እንደ ቀድሞው አያታልለውም። ሁለተኛ፣ ስለ መሬት መቅረብ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ተለውጧል። የቀድሞው ከሥሩ ያለውን መሬት ብቻ ስለሚለካ ገደል በፊቱ ሲቆም የሚጮኸው ዘግይቶ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣው ግን የተራሮችን ካርታ በውስጡ ይዞ ከፊት ያለውን አስቀድሞ ይናገራል። ሦስተኛ፣ አይሮፕላን ሲወድቅ በራሱ የሚጮኸው የሬዲዮ ምልክት መስጫ ተሻሽሏል። በ121.5 ሜጋ ኸርትዝ የሚላከውን የቀድሞውን ምልክት ሳተላይት የሚያስተላልፈው በዚያው ሰዓት የምድር መቀበያ ጣቢያ በአቅራቢያው ሲገኝ ብቻ ነበር። በ406 ሜጋ ኸርትዝ የሚሠራው አዲሱ ግን መልእክቱ በሳተላይቱ ላይ ተቀምጦ ጣቢያ እስኪገኝ ይቈያል፤ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህም ሳተላይቶቹ የሚሰሙት ይህንኑ ብቻ ነው።

ነገር ግን መሣሪያ የማያስቀረው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የመሄድ ግዴታ ነው። ዛሬም በጋምቤላ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ስደተኞች ይኖራሉ። መድኀኒት ወይም እህል የሚጠብቅ ሰው ሲኖር፣ በሽተኛም ሲጣደፍ፣ «ደመናው እስኪገለጥ ነገ ይሁን» ማለት ለአብራሪውም ለላኪውም ከባድ ነው። ስለዚህ የክረምቱ በረራ ሲታቀድ ለመጠበቂያ የሚሆን ቀን አብሮ ሊታሰብ፣ እህሉና መድኀኒቱም በተቻለ መጠን በበጋ ሊከማች ይገባል ብለን እናምናለን። ደመናው በጎሬ ላይ መቼ እንደሚወርድና መቼ እንደሚነሣ በየዕለቱ የሚያየው በዚያ የሚኖረው ሰው ነው። የእርሱ ምስክርነት በስልክ ተጠይቆ ከመነሣት በፊት ለአብራሪው ቢደርስ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል።