ልብ ሲቆም ደቂቃዎች እንዴት ይቆጠራሉ?

በኮቪድ-19 ሕክምና ክፍል የታማሚ ልብ በድንገት ሲቆም፣ ባለሙያዎች ወደ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት መከላከያ አልባሳት ሲለብሱ አስታማሚዎች ሊመለከቱ ይችላሉ። ይህ ቸልተኝነት አይደለም። ልብን ለመመለስ የሚሰጠው ሕክምና ቫይረሱን በአየር ሊያሰራጭ ስለሚችል፣ ሳይጠነቀቅ የገባ ባለሙያ ራሱንም ሌሎች ታማሚዎችንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ከቡድኑ አንዱ ሰዓት ይዞ ይመዘግባል። በቅድሚያ ልብ መቆሙ የታወቀበትንና ደረትን መጫን የተጀመረበትን ሰዓት ይጽፋል። የአዋቂ ታማሚ ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል። በየ2 ደቂቃው መዝጋቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰዓቱን ያሳውቃል፤ የልብ ምት ይታያል፤ የሚጫነው ባለሙያም ይቀየራል፤ የደከመ ክንድ በቂ ደም አይገፋምና። አድሬናሊን በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ሲሰጥም ሰዓቱ ይሰፍራል።

በመጨረሻ የልብ ምት የተመለሰበት ወይም ሕክምናው የተቋረጠበት ሰዓት ይመዘገባል። መዝገቡ «ብዙ ተሞክሯል» ብሎ አያልፍም፤ ምን፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደተደረገ ይገልጻል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት መተላለፊያውን ነፃ ይተዉላቸው፤ ኋላም የተደረገውን በዝርዝር እንዲያስረዱዎት ሐኪሙን ይጠይቁ።