ኮሮና ማንን ያዘ? ማንንስ ገደለ?

በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ ጊዜ፥ በሽታው የተገኘበት ሰው የ48 ዓመት ጃፓናዊ መንገደኛ ነበረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፥ በመጋቢት 27 ቀን፥ በዚሁ በሽታ ማረፋቸው መጀመሪያ የተነገረው ግን የ60 ዓመት ኢትዮጵያዊት ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሽታው የሚይዘውና በሽታው የሚገድለው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸውና ነው።

በአገራችን በምርመራ ከተገኙት በሽተኞች አብዛኞቹ ወንዶች፥ ያውም ለሥራ የደረሱ ጐልማሶች ነበሩ። ይህ ማለት ግን በሽታው ሴቱን ትቶ ወንዱን ይመርጣል ማለት አይደለም። አስቀድሞ ለምርመራ የሚቀርበው መንገደኛው፥ ነጋዴውና የጭነት መኪና ነጂው ነበረ፤ በጓዳ የተኛች አሮጊት ግን ሳትቈጠር ትቀራለች። በጅማና በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በሚያገለግሉ የጤና ሠራተኞች ላይ በተደረገ የደም ምርመራ፥ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከግማሽ የሚበልጡት በበሽታው ተይዘው እንደ ነበረ መታወቁን ስናስብ፥ የመዝገቡ ቍጥር ከእውነተኛው ምን ያህል እንደሚያንስ እንረዳለን።

በሞት ረገድ ያለው ነገር ግን ግልጥ ነው። የቻይና ሐኪሞች በ2012 ዓ.ም. የመረመሩት መዝገብ እንደሚያሳየው፥ በሽታው ከተረጋገጠባቸው 44,672 ሰዎች 1,023ቱ ሞተዋል፤ ይኸውም ከመቶ 2.3 ማለት ነው። ዕድሜያቸው 80 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ከመቶው 14.8 ሲሞቱ፥ ከዐሥር ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ግን የሞተ አልነበረም። የልብና የደም ሥር ሕመም ካለባቸው ከመቶው 10.5፥ የስኳር በሽታ ካለባቸው 7.3፥ የደም ግፊት ካለባቸው 6 ሞተዋል፤ ሌላ ደዌ ከሌላቸው ግን አንድ እንኳ አልሞላም። በኢትዮጵያ ከ500,000 ሰዎች በላይ መያዛቸው፥ ከ7,500 በላይም መሞታቸው ተመዝግቧል። ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት መሆኑ የሟቾችን ቍጥር እንዳሳነሰው ሊቃውንት ይናገራሉ።

እንግዲህ ወደ ወላይታ እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የዞኑ ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ያህል ነበረ፤ አብዛኛውም በገጠር፥ እጅግ በተጠጋጋ መሬት ላይ የሚኖር ነው። ከሶዶ ጀምሮ እስከ ቢጠና ድረስ አያት፥ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው የተለመደ ነው። በመስከረም ወር የጊፋታና የመስቀል በዓል ሲደርስ ደግሞ፥ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሥራ ያደሩ ልጆች ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። አንድ ወጣት ጥቂት እያሳለው፥ ጉንፋን ነው ብሎ ንቆት፥ የአያቱን ጉልበት ስሞ ቢቀመጥ ማን ይጠረጥረዋል? እርሱ በሦስት ቀን ይድናል፤ አያቱ ግን ሊወድቁ ይችላሉ።

ከዚህ የከፋው፥ አያቱ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሳያውቁ መኖራቸው ነው። የደም ግፊት አያሳምምም፤ ስኳሩም ቀስ እያለ ሰውነትን ያደክማል። የተወደደ መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ የአረጋውያንን ግፊት በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ማስለካት ይቀላል፤ በእኛ አስተያየት ቤተ ሰብ ሁሉ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ይህ ነው። በዕንጨት ጢስ በተሞላ ማድቤት ዘመናቸውን የፈጁ እናቶች ሳንባም እንዲሁ የተጐዳ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም የሽማግሌ ሕመም እንደ ወጣት ሕመም አይታይም። ትኵሳት ላይኖራቸው ይችላል፤ ምግብ እንቢ ማለት፥ ድንገት መዘባረቅ፥ ከመኝታ መነሣት ማቃት ብቻውን ምልክት ይሆናል። እስትንፋስ ማጠር ከጀመረ ግን ኦክሲጅን ወዳለበት ስፍራ በቶሎ መድረስ ያስፈልጋል፤ ሶዶ ላይ ሕዝቡ ኦቶና ብሎ የሚጠራው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ። ከቢጠና የሚነሣ ቤተ ሰብ ሌሊቱ ይንጋ ብሎ መጠበቅ የለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአጣዳፊ ጊዜውን ዐዋጅ አንሥቷል፤ በሽታው ግን አልጠፋም። ስለዚህ የሚያስለው ልጅ ለጊዜው ከአያቱ ተለይቶ ይተኛ፤ መስኮቱም ይከፈት። ሰላምታውን ከደጅ ሆኖ ቢያቀርብ አያቱ አይቀየሙትም።