ኪራይ የረከሰበት ሁሉ ኑሮ አይረክስም!

ሚኒያፖሊስ የሚኖር አንድ የሰፈራችን ልጅ ሰሞኑን ደውሎ «የዚህ ከተማ ኪራይ አንገፍግፎኛል። ወርዚንግተን ቤት ርካሽ ነው፣ ሥራም አለ ይሉኛል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ አማከረኝ። አሜሪካ ወንድም ወይ እህት ያላችሁ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳትሰሙ አትቀሩም። ስለዚህ እስቲ አብረን እንየው።

ወርዚንግተን በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ነች። በሕዝብ ቆጠራው መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 የነዋሪዋ ቁጥር 11,283 ነበር። በ2010 ወደ 12,764፣ በ2020 ደግሞ ወደ 13,947 ከፍ ብሏል። ስንቱን የአሜሪካ ገጠር ከተማ ወጣቱ እየጣለው ሲሄድ እሷ በምን አደገች? ምስጢሩ አሳማ ነው! ትልቁ ቀጣሪ የጄቢኤስ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው። ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከላኦስ፣ ከበርማ፣ ከእኛም አገር ሳይቀር ሰው የጎረፈው ለዚሁ እንጀራ ነው። ሥራው ቢላ ይዞ ብርድ ውስጥ መቆም ነው። «አሳማ በእጄ አልነካም» የሚል ካለ ከወዲሁ ያስብበት።

ሰው ሲጨምር ታዲያ ሁሉም ነገር እኩል አይጨምርም። ትምህርት ቤቱ በልጆች ቢጨናነቅም ነዋሪው ለማስፋፊያ የሚሆን ግብር ለመክፈል ከ2013 ጀምሮ በድምፅ ደጋግሞ እምቢ ብሎ፣ እሺ ያለው በ2019 በጠባብ ልዩነት ነው። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «የከተማው ገቢ ይህን ያህል ነው» ሲሏችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ አማካይ ነው ወይስ መሐለኛው? አምስት ቤተሰቦች በዓመት 20፣ 30፣ 40፣ 50 እና 360 ሺህ ዶላር ቢያገኙ አማካዩ 100 ሺህ ይሆናል። መሐል ላይ ያለው ግን 40 ሺህ ነው። እውነቱን የሚነግራችሁ መሐለኛው ነው። ሁለተኛ፣ የአንድ ሰው ነው ወይስ የአንድ ቤት? የቤት ገቢ ማለት ባልም ሚስትም፣ የደረሰ ልጅም የሚያመጡት ተደምሮ ነው። ብቻውን የሚኖር ወንደላጤ በዚያ ቁጥር ከተማመነ ጉድ ይሆናል።

አሜሪካኖች «ለቤት ከገቢህ 30 በመቶ በላይ አታውጣ» ይላሉ። ለምሳሌ ትልቅ ከተማ 4,000 ዶላር እያገኘ 1,500 የሚከራይ ሰው 37.5 በመቶ ይከፍላል። ትንሿ ከተማ ሄዶ 3,000 ቢያገኝና 800 ቢከራይ 27 በመቶ ገደማ ነው። እሰየው! ግን ትልቁ ከተማ በባቡርና በአውቶቡስ የሚሄደው ሰው እዚያ መኪና ያስፈልገዋል። ለመኪናው ክፍያ፣ ለኢንሹራንስና ለቤንዚን በወር 500 ቢያወጣ ወጪው 1,300 ደረሰ፤ ከ43 በመቶ በላይ ማለት ነው። ርካሹ ቤት የት ሄደ?

ሌላም አለ። የአንድ ፋብሪካ ከተማ ፋብሪካው ሲያስነጥስ ጉንፋን ይይዘዋል። ከዚያ ሥራ ብትወጡ ሌላ ምን አለ? ይህን ሳያጣሩ ጓዝ መጠቅለል አያዋጣም።

አትሂዱ እያልኩ አይደለም። ባልና ሚስት ሆነው ሁለቱም ከሠሩ፣ በአንድ መኪና ከተመላለሱ፣ እንዲህ ያለች ከተማ ጥሪት ታስይዛለች። ብቻ አስቀድማችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ከሰው ጋር ተጠግታችሁ ኑሩባት። በተለይ በክረምቱ! ያን ጊዜ ነው ዋጋዋ የሚታወቀው።