በከብት ሌባ ላይ መተኮስ እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል?

በጫንጮና በሱሉልታ ሜዳ የምታልቡ፣ ድርቆሽ የምትከምሩ ገበሬዎች ሆይ! በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጠመንጃ ፈቃድ በቅርቡ ያገኛችሁ ይህን ልብ በሉ።

ሌሊት ውሻ ጮኸ እንበል፤ ብትወጡ አንድ ሰው ላሚቱን ከበረት አውጥቶ ሲነዳ አያችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1148፣ በስውር የተወሰደን ንብረት ሌባው እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ወይም ሲሸሽ ወዲያውኑ በኃይል ማስመለስን ይፈቅዳል። ስለዚህ ጎረቤት ጠርቶ መክበብ፣ ገመዱን መንጠቅ፣ ሌባውንም ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይቻላል። ነገር ግን ያው ቁጥር ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ የእጅ እልፊትን ይከለክላል።

ሌባው ላሚቱን ትቶ ቢሮጥ ከኋላው መተኮስ መከላከል ሳይሆን በቀል ነው፤ አደጋው አልፏልና። ጩቤ መዝዞ ቢመጣባችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78፣ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉ ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ ቅጣት የለም ይላል።

ራሱን ሲከላከል ከልክ አልፎ ሰው የገደለ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። ከጥቃቱ በመጣ ድንጋጤ ያደረገውን ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 79 ከቅጣት ነፃ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህ ግን በዳኛው ሚዛን የሚወሰን ስለሆነ አትመኩበት።

ተኩስ ከደረሰ ቁስለኛውን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱ፤ ቀለሁን ከወደቀበት ሳታነሡ ለፖሊስ አስታውቁ።