«ቬሪ ጉድ!» ማንን ሰምታ?

የክፍላችን ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር የሚያድረው። መምህራችን ከፍቶ ያበራውና ጥግ ይዞ ይቆማል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30ው ያህል የስክሪኗ መምህርት ድርሻ ነበር። ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። የኋላ ወንበር ላይ ያለነው ጥያቄው ምን እንደሆነ ገና እየተጠያየቅን ነው። መብራት ከጠፋም በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጣዩን ትጀምራለች።

የሳተላይት ትምህርቱ በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ የጎጃሟ ቡሬ ልጅ ከአዲስ አበባው እኩል ይማራል ተብሎ ነበር። እኩል የደረሰው ፍጥነቱ ነው። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ሲሰጥ ኖሯል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ግን ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ማታ «ይኼ ምን ማለት ነው?» የሚለው ሰው የለውም።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋ ነው አልልም። ግን ጥያቄው ያልገባው ልጅ ፊዚክስ ይወቅ አይወቅ በምን ይለያል?

የሚቸገር ተማሪ የት ላይ እንደሚሰናከል የሚታወቀው ሲያነብ ቀርበው ሲሰሙት ነው። በፊደል ላደገ ልጅ «ከ» ሁልጊዜ «ከ» ናት፤ እንግሊዝኛው «ናይፍ» ላይ ግን የማትነበብ «ኬ» ፊት ተገትራለች። «ስኩል»ን «እስኩል» ይለዋል። ይህን ስክሪን አይሰማም። የቄስ ትምህርት ቤቱ የኔታ ግን ይሰማሉ። የቅኔ ትምህርት ቤቷ ዋሸራ ስሟ በገነነበት በዚህ አገር፣ ንባብ ቤት ውስጥ አሥር ልጅ በየፊናው እየጮኸ የአንዱን ስህተት ለይተው «ድገም!» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ፊደሉን ለጀማሪው የሚያስቆጥረውም ቀድሞ የገባ ልጅ ነው።

በ2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌግራም ተሞከሩ። በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። ስለዚህ ኔትወርክ ሲኖር ብቻ የሚሠራ ትምህርት ለዚህ አገር አይሆንም። ትምህርቱ በፋይል ከተቀዳ ግን በዜንደርና በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል። የተቀዳ ትምህርት ከፕላዝማ የሚሻለውም ስለሚቆምና ወደ ኋላ ስለሚመለስ ነው። ማብራሪያውን ልጁ ማታ ከሰማው መምህሩ በክፍለ ጊዜው ከመናገር ይልቅ መስማት ይችላል። 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሁሉንም አይደርስም፤ ግን በቀን አምስቱን ቢያስነብብ በ12 የትምህርት ቀን ሁሉን ያዳርሳል። የመምህራን ሥልጠናም ኮምፒውተር አከፋፈት ላይ ብቻ ባይቀር ጥሩ ነው።

ባለፈው ቡሬ ሞባይል ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ጎረምሳ ሚሞሪ ሊያስሞላ መጣ።

«ሙሉውን ዘፈን ላድርገው?» አለው ባለ ሱቁ።

«ግማሹን። ግማሹ ላይ የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ካለህ ጫንልኝ። ቀስ ብሎ የሚያወራውን ሰውዬ ግን።»