ከኢሜይል ወደ ቴክስት የሚወስደው መንገድ ለምን ተዘጋ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አሜሪካ ካላችሁ የዕድርና የማኅበር ጸሐፊዎች ናቸው። ነገሩ አንድ ነው፦ «ለአባላት ከኢሜይላችን በቀጥታ ወደ ስልካቸው ቴክስት እንልክ ነበር። አሁን አይደርስም። ምን ሆኖ ነው?»

አጭሩ መልስ፣ መንገዱ እየተዘጋ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2025 አገልግሎቱን ጨርሶ አቁሟል። የቀረውም ቢሆን መርዶ የሚጣልበት አይደለም። ረጅሙን መልስ የምጽፈው ግን «ምን እንተካበት?» የሚለው ጥያቄ ነገሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር ካልታወቀ ስለማይመለስ ነው።

አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ የሞባይል ቁጥር፣ ባለቤቱ ሳይጠይቅ፣ የኢሜይል አድራሻ ነበረው። ሰውየው የቬራይዘን ደንበኛ ከሆነ 10ሩን አኃዝ ጽፋችሁ «ኤት ቪቴክስት ዶት ኮም» ትጨምራላችሁ። ቲሞባይል ከሆነ «ኤት ቲሞሜይል ዶት ኔት»፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ከሆነ «ኤት ቲኤክስቲ ዶት ኤቲቲ ዶት ኔት»። እዚያ የላካችሁትን ኢሜይል የኩባንያው ሰርቨር ይቀበልና ቀለሙንና ቅርጹን ገፎ፣ የበዛውን ቆርጦ፣ ተራ ቴክስት አድርጎ ወደ ስልኩ ይሰደዋል። ሰውየው ሲመልስ መልሱ ለእናንተ ኢሜይል ሆኖ ይመጣል። ላኪው ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም።

ስልክ ኢንተርኔት ባልነበረው ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ሰርቨር ሲወድቅባቸው በውድቅት ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው ይኸው መንገድ ነበር። እኛ ሜሪላንድ ያለን ሰዎች ደግሞ ለዕድር አዋልነው። የአባላቱ ቁጥር ከነአድራሻው በአንድ ዝርዝር ይቀመጣል፤ ሰው ሲያርፍ ጸሐፊው አንድ ኢሜይል ይጽፋል፤ ኢሜይል ከፍተው የማያውቁ እናቶችና አባቶች ስልካቸው ጢው ሲል ያነባሉ። ቴሌግራም አውርዱ፣ የይለፍ ቃል አስታውሱ የሚላቸው የለም።

ችግሩ ግን ከመጀመሪያውም አብሮ ነበር። ጸሐፊው የሰውየውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የየትኛው ኩባንያ ደንበኛ እንደሆነም ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2003 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሰው ቁጥሩን እንደያዘ ኩባንያ መቀየር ይችላል። ጋሼ እገሌ ልጃቸው የቤተሰብ ፕላን ውስጥ ባስገባቻቸው ማግስት የድሮው አድራሻ ይሞታል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። አንዳንዴ ኢሜይሉ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴ ድምፁም አይሰማ። ጋሼ ለቅሶ ቀርተው ሲወቀሱ «ማን ነገረኝ?» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ሰዓቱም አይታመንም ነበር። አንዱ በደቂቃ ሲደርሰው ሌላው ከብዙ ሰዓት በኋላ ያገኘዋል፤ ላኪው ማን እንደደረሰው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ለገና የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ቢዘገይ ምንም አይደል። ሞት ግን ሌላ ነው። በእኛ ወግ የሞትን ዜና ለቅርብ ዘመድ ሽማግሌ ማልዶ ሄዶ ያረዳል እንጂ ስልክ አያረዳም። በጅምላ የተላከ ቴክስት አርጂዎቹ በር ሳያንኳኩ የሟች እህት እጅ ውስጥ ቢገባስ? ስለዚህ እኛ ዘንድ ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ የቤተ ዘመዱ ቁጥሮች ለዚያ ቀን ከዝርዝሩ ይወጣሉ፣ አርጂዎቹም «ጨርሰናል» ብለው ሳይደውሉ ጸሐፊው «ላክ» የሚለውን አይነካም። መሣሪያው ቢቀየርም ይህ ደንብ መቀየር ያለበት አይመስለኝም።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ለምን ይዘጉታል? በሩ ዘበኛ ስላልነበረው ነው። ኢሜይል ሲፈጠር ላኪው በእርግጥ ነኝ ያለው ሰው መሆኑን የሚያጣራ ነገር አብሮት አልነበረም፤ የላኪን ስም አስመስሎ መጻፍ ቀላል ነበር። የስልክ ቁጥር ደግሞ ተከታታይ ነው። አጭበርባሪው የአካባቢ ኮዱንና ቀጣዮቹን ሦስት አኃዞች ከያዘ የመጨረሻዎቹን አራት ከ0000 እስከ 9999 በመደርደር ብቻ 10,000 አድራሻ ይሠራል፤ ማንንም ሳያውቅ፣ ምንም ሳይከፍል። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ብዙ ደንበኛ ለሚደርሰው ቴክስትም ይከፍል ስለነበር ቆሻሻው በሰው ሂሳብ ነበር የሚራገፈው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ደንብ ነጋዴዎች ያለ ፈቃድ ወደ እነዚህ አድራሻዎች ማስታወቂያ እንዳይልኩ ከልክሏል። ደንብ የሚያከብረው ግን ሐቀኛው ነው። በዕድር ስም «ለአስከሬን መሸኛ በዚህ ቁጥር አዋጡ» የሚል የሐሰት ቴክስት ለመላክም ያው በር ክፍት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ነጻ መሆኑ ይናፍቀኛል እንጂ መዘጋቱን አልቃወምም።

ስለ አማርኛችን ደግሞ ልናገር፣ ምክንያቱም አዲስ አገልግሎት ስትገዙ በዶላር የምታወራርዱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቴክስት የሚሸከመው 140 ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ይገባል። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 2 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል፤ መቀጠያ ምልክቱም ቦታ ስለሚይዝ እያንዳንዱ ክፍል 67 ፊደል ይይዛል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት የአማርኛ ፊደል ብትገባ እንኳን መልእክቱ በሙሉ ከ160 ወደ 70 ይወርዳል።

70 ሲባል አትደንግጡ። ይህን እዩት፦ «የአቶ እገሌ ወላጅ እናት አርፈዋል። ለቅሶው ቅዳሜ ከ4 ሰዓት ጀምሮ በመኖሪያ ቤታቸው ነው።» ከነክፍተቱና ከነነጥቡ 57 ነው። ይህንኑ አማርኛ በላቲን ፊደል ብትጽፉት 90 ገደማ ይሆናል፤ አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ ነው። አድራሻ ሲጨመርበት ግን ወደ ሁለተኛው ክፍል ትሻገራላችሁ፤ የሚከፈለውም የሁለት ነው። በድሮው መንገድ አማርኛው አንዳንድ ስልክ ላይ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይወጣ ስለነበር ብዙ ዕድሮች በላቲን ፊደል መጻፍ ለምደዋል። ዛሬ ስማርት ስልክ ላይ ያ ችግር የለም ማለት ይቻላል፤ በፊደላችሁ ጻፉ።

ምን ይተካው? እንደ ክሊክሴንድ ያሉ ድርጅቶች አሁንም ኢሜይልን ወደ ቴክስት ይቀይራሉ፤ በክፍያ። ልዩነቱ የሰውየውን ኩባንያ ማወቅ አያስፈልጋችሁም፣ መድረስ አለመድረሱም ሪፖርት አለው። ሆኖም ከተራ የአሜሪካ ቁጥር በጅምላ ለመላክ ድርጅታችሁን ማስመዝገብ አለባችሁ፦ የግብር መለያ ቁጥር፣ የምትልኩት መልእክት ናሙና፣ አባላቱ እንዴት ፈቃድ እንደሰጡ። ዕድራችሁ በሕግ ያልተመዘገበ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለወጣቶቹ ቴሌግራም ይበቃል። ቴክስትም ለማያነቡ አዛውንት እያንዳንዱ አባል አራት አምስት ሰው የሚደውልበት የድሮው ሰንሰለት ይቀጥል፤ ማንም ኩባንያ አይዘጋውም።

አዲስ አበባ ላለ ስልክስ? እነዚያ አድራሻዎች ለየኩባንያዎቹ የአሜሪካ ደንበኞች የተሠሩ ነበሩ፤ በ251 ለሚጀምር ቁጥር ድሮም አልሠሩም። ለአገር ቤት የሚያስፈልጋችሁ የዓለም አቀፍ ቴክስት ዋጋ ነው፤ ከመፈረማችሁ በፊት የኢትዮጵያን ታሪፍ ለይታችሁ ጠይቁ፣ ከአሜሪካው ጋር አንድ አይደለም።

የአባላቱን ዝርዝር ስታድሱ የስልክ ኩባንያው ስም የሚጻፍበትን ዓምድ ሰርዙትና በምትኩ አባሉ ቴክስት ይላክልኝ ብሎ የፈቀደበትን ቀን አስገቡ። ምዝገባው ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው።